ስለ ጓያና ስለ ጓያ ሽባነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማሳ፣ ከቤተ ሙከራና ከሕክምና ጥናት የታወቀውን አሰባስበን፣ ብዙ ጊዜ ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጓያ ምን ዓይነት ሰብል ነው? ገበሬውስ ለምን ይዘራዋል?

ጓያ የአተር፣ የምስርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ላቲረስ ሳቲቨስ ይባላል። ከኢትዮጵያ ሌላ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓል በስፋት ይመረታል። በአገራችን ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ሰሜን ሸዋ በሚገኙ ውሃ በሚቋጥሩ ጥቁር የዋልካ መሬቶች ላይ ክረምቱ ሲያበቃ ይዘራል፤ ከዚያም አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ብቻ ለፍሬ ይደርሳል።

ገበሬው የሚመርጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ጓያ ተደጋጋሚ እርሻም ሆነ ማዳበሪያ አይፈልግም። በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ ለሚቀጥለው ዓመት እህል መሬቱን ያለመልማል። ውሃ ሲተኛበትም ሆነ ዝናብ ሲቀር ሌላው ሰብል በሚጠፋበት ማሳ ላይ እርሱ ይተርፋል። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፤ በገበያም ከጥራጥሬዎች ሁሉ ርካሹ ነው ማለት ይቻላል። አደጋው የሚመነጨውም ከዚሁ ከጽናቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ በጎተራ የሚቀረው እርሱ ብቻ ይሆናልና።

ጓያ ሽባ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ወይም አልፎ አልፎ የበላውን ሰው አይደለም። ኒውሮላቲሪዝም የተባለው የጓያ ሽባነት የሚመጣው ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአደጋ ወሰን የዕለቱ ምግብ ሲሶ ነው፤ ከዚህ በላይ የሆነው ጓያ ሲሆንና ይህም ለተከታታይ ሳምንታት ሲቆይ ሥጋቱ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ሕመሙ በተለይ በደንቢያና በፎገራ ሜዳዎች ከቆየ ጀምሮ የታወቀ ነው። በሰሜን ወሎ ደላንታና ዳውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ሌላው ሰብል ከጠፋ በኋላ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ሽባ ሆነዋል። በሽታው የእኛ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ወደ 1943 በተሸጋገረው የብርድ ወቅት፣ ሮማንያውያን በዩክሬን ምድር ባቋቋሙት የቫፕንያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁድ በቀን 400 ግራም ያህል የተቀቀለ ጓያ ይሰጣቸው ነበር፤ ብዙ መቶዎች እግራቸው ሽባ ሆነ። መንስኤው ምግቡ መሆኑን የለየውና እስረኞቹ እንዳይበሉት የመከረው ከእነርሱ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው።

የሕመሙ ምልክቶች ምንድን ናቸው?

ብዙዎቹ ሕሙማን የሚያስታውሱት አንድ ማለዳ ከመኝታ ሲነሡ ወይም ከእርሻ ሥራ ሲመለሱ እግራቸው እንደ ከበዳቸውና ጉልበታቸው እንደ ከዳቸው ነው። ባታቸው ይሸማቀቃል፣ ጡንቻው ይገተራል፤ ከዚያም ተረከዛቸው መሬት አይነካም፣ ጉልበቶቻቸው እርስ በርስ እየተጋጩ በጣታቸው ይረግጣሉ። እንደ ጉዳቱ ክብደት አንዱ ያለ ምርኩዝ እያነከሰ ይሄዳል፣ ሌላው አንድ ወይም ሁለት ምርኩዝ ያስፈልገዋል፣ በጣም የተጎዳው በእጁ እየተደገፈ ይድኻል። አእምሮው፣ ንግግሩና የቆዳው ስሜት እንደ ነበሩ ይቆያሉ።

በጓያ አገር የሚኖር ሰው እግሩ በሰነፈ ቁጥር ምክንያቱ ጓያ ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳን የመሰለ፣ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት የሚድን ሕመም ተመሳሳይ ድካም ሊያመጣ ይችላል። ጀርባን ማመም፣ ትኩሳት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም የሽንት አለመቆጣጠር አብሮ ካለ ሐኪም ዘንድ መሄድ የግድ ነው።

በጓያ ማሳ ውስጥ ያለፈ ወይም የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት የነካው ሰው ይታመማል?

አይታመምም። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ባደረጉት ጥናት፣ ብዙ ሰው በሽታው የሚመጣው ከድስቱ ከሚወጣው እንፋሎት፣ በጭዱ ላይ ከመተኛት ወይም በማሳው ከማለፍ ነው ብሎ እንደሚያምን ተመልክተዋል። ጎጂው ንጥረ ነገር ግን በእንፋሎት የሚበንን አይደለም፤ ወደ ሰውነት የሚገባው በመብላት ብቻ ነው።

ይህ እምነት የዋዛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳት አለው። እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን በልቶ የሚያድር ቤተሰብ ራሱን የጠበቀ ይመስለዋልና።

ሽባ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ምንድን ነው?

ስሙ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ኬሚስቶች ከጓያ ፍሬ ለይተው ያወጡት አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች መካከል ግን አይደለም። ተክሉ የሚሠራው ኦክሳሊል የተባለ ቁራጭ ከሌላ አነስተኛ አሚኖ አሲድ ጋር በማያያዝ ሲሆን፣ በፍሬው ብቻ ሳይሆን በቅጠሉና በቡቃያውም ውስጥ ይገኛል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከመመሳሰል ነው። በአንጎላችንና በኅብለ ሰረሰራችን ያሉ የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በአብዛኛው ግሉታሜት በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኦዳፕ ቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል የእርሱን ተቀባዮች ይይዝና ሴሉን ያለ እረፍት ያነቃቃዋል፤ ካልሲየም ከልኩ በላይ ወደ ሴሉ ይጎርፋል፣ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎቹ ይታወካሉ፣ ሴሉም በስተመጨረሻ ይሞታል። በዋናነት የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙት ረዣዥም የነርቭ ሴሎች ናቸው። ለምን እነርሱ ተለይተው እንደሚጎዱ ገና እየተጠና ነው።

በአንድ መሶብ ከቀረቡት መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል?

ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችን ያወዛገበው ጥያቄ ይህ ነው። ኦዳፕ ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ እኩል የበሉ ሁሉ እኩል በታመሙ ነበር። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ከነበሩት ከፈርናንድ ላምቤንና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በደላንታና በዳውንት ያደረጉት ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ሕሙማኑን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር እያነጻጸሩ ማን ምን በላ፣ እንዴት ተዘጋጀ፣ ከምን ጋር ተቀላቀለ ብለው መረመሩ። ጓያን በንፍሮ ወይም በእሸት መልክ አብዝቶ የበላው ሰው ለሽባነት የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ፤ በእንጀራ፣ በቂጣ ወይም በወጥ መልክ የበላው ላይ ግን ያን ያህል ጭማሪ አልታየም። እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ ቅመሞች የገቡበትን ወጥ አብሮ መብላትና ጓያውን ከእህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ቀንሰዋል።

ኬሚስትሪው ከዚህ ጋር ይስማማል። ሰውነት መርዘኛ ኬሚካዊ ጫናን የሚመክተው ድኝ ባላቸው ሜቲዮኒንና ሲስቴይን በተባሉ አሚኖ አሲዶች እየታገዘ ነው፤ ጓያ ደግሞ በእነዚህ ድኻ ነው። ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ የጎደለውን ይሞላሉ። ስለዚህ ጓያን ብቻውን የሚበላ ሰው መርዙን በአንድ በኩል እየወሰደ መከላከያውን በሌላ በኩል እያጣ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ከባድ የጉልበት ሥራ ይጨመራል። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች፣ በተለይም ወጣቶች በብዛት ይታመማሉ፤ ለዚህ የተሰጡት ማብራሪያዎች ግን እስካሁን መላ ምት ናቸው።

ከዚህ ጥናት አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል፦ በችግር ጊዜ ወደ ጓያ አገር የሚላክ የእርዳታ እህል መሰፈር ያለበት በሆድ መሙላቱ ብቻ አይደለም። ሰዎች ጓያውን ብቻውን መብላት ከመጀመራቸው በፊት ቢደርስ፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን፣ ከጓያው ጋር ተቀላቅሎ እግር ያድናል። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰ ኩንታል ግን የታመመውን አያስነሣም።

የገበያ ሽሮ ውስጥ ጓያ ቢቀላቀል አደጋ አለው?

ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከአተር ወይም ከሽምብራ ሽሮ ጋር መደባለቁ የታወቀ ነው፤ ከአገር ቤት ሽሮ የሚላክላቸው በውጭ የሚኖሩ ወገኖችም ይህንኑ እየፈሩ ይጠይቃሉ። የተለያየ ምግብ ለሚመገብ ሰው፣ በእንጀራ በሚበላ፣ ሽንኩርትና በርበሬ በገባበት ወጥ ውስጥ ያለ ጥቂት ጓያ ሽባነት ያመጣል ተብሎ አይሠጋም። ገዢው ሳያውቅ መቀላቀሉ ግን ማጭበርበር ነው፤ ቅሬታው ከጤናው ይልቅ በዚህ በኩል ያመዝናል።

ቤት ውስጥ መርዙን መቀነስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን አይቻልም። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ጓያውን ወይም ክኩን በብዙ ውሃ ለሰዓታት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና እንደገና መዘፍዘፍ ጉልህ ድርሻውን ያስወግዳል። በብዙ ውሃ ቀቅሎ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋትም እንዲሁ ይረዳል። ሙቀት ከኦዳፑ ከፊሉን ጉዳቱ ወደሚያንስ ቅርጽ ይለውጠዋል። ውሃው ሳይደፋ ተመጥጦ የሚያልቅበት ንፍሮ ግን የሟሟውን መልሶ ለበላተኛው ይሰጣል።

ምክሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በድርቅ ጊዜ አንድ እንስራ ውሃ ለመቅዳት ሰዓታት የምትሄድ እናት ግን ውሃውን ሁለት ጊዜ እንድትደፋ፣ ማገዶውንም እንድታበዛ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው። በሽታው የሚበዛው በትክክል ይህ ምክር ሊተገበር በማይችልበት ወቅት መሆኑን መካድ አይገባም።

ለከብት መስጠትስ?

የጓያ ጭድ ለበሬ፣ ለላምና ለበግ ተፈላጊ መኖ ነው፤ አመንዣጊ እንስሳት ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋሙታል። ፈረስ ግን እንደ ሰው የመጎዳት ባሕርይ ስላለው ፍሬውን አዘውትሮ ለጋማ ከብት መስጠት አይመከርም።

ከታመሙ በኋላ መዳን ይቻላል?

የሞተውን የነርቭ ሴል የሚመልስ ሕክምና የለም። ጓያውን ወዲያው ማቆም ጉዳቱ እንዳይከፋ ይረዳል፤ ገና በጅምሩ ያቆሙ አንዳንዶች የተወሰነ መሻሻል ያሳያሉ። ሕመሙ ዕድሜን አያሳጥርም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ከቫፕንያርካ ተርፈው እስራኤል የገቡ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሏቸው የእግራቸው ጉዳት ሳይለቅቃቸው ኖሯል።

የሚሰጡት መድኃኒቶች የጡንቻውን መገተር የሚያላሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቶልፔሪሶን በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ከባዶ እንክብል ጋር እየተነጻጸረ ተሞክሮ ግትርነቱን እንደሚያረግብና አካሄድን እንደሚያቀል ታይቷል። ነገር ግን ሳያቋርጡ መውሰድን ይጠይቃል፤ ለገጠር ሕመምተኛ ደግሞ ምርኩዝ፣ የጅማት ማፍታቻ እንቅስቃሴና ተቀምጦ የሚሠራ ሙያ ከመድኃኒቱ ይልቅ በቅርብ የሚገኙ ናቸው።

መርዙ ያነሰበት ዘር የለም?

አለ። በአውስትራሊያ ሴኦራ፣ በሕንድ ራታንና ማሀቴኦራ፣ በባንግላዴሽም እንዲሁ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወጥተዋል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ዋሴ የተባለ ዝርያ ተለቅቋል። የዋሴ የኦዳፕ መጠን 0.08 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ አርቢዎች ብዙውን ጊዜ እንደ ዝቅተኛ የሚቆጥሩት ከ0.2 በመቶ በታች ያለውን ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ጓያ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ሲዘዋወሩ ቀላል የማይባል መጠን ያለው ዘር ከጎረቤት ማሳ ጋር ይዳቀላል፤ የተሻሻለውን ዘር የዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያጭደው የመጀመሪያውን ዝርያ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ችግር የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ አለመወሰኑ ነው። ድርቅና የአፈር ዚንክ ማነስ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ በደህና ዓመት በምርምር ጣቢያ ዝቅተኛ ሆኖ የተለካው ዝርያ በክፉ ዓመት በገበሬው ማሳ ላይ ያንኑ ቁጥር ይይዛል ማለት አይቻልም። መለኪያው መወሰድ ያለበትም በክፉው ዓመት ይመስለናል።

ታዲያ ጓያ መዝራት ለምን አይከለከልም?

ተሞክሯል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን የሚከለክል ደንብ ብታወጣም በአንዳንድ ግዛቶች አልተተገበረም፤ ገበሬውም መዝራቱን አላቆመም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1967 ለሰው ምግብነት እንዳይሸጥ ከልክላ፣ ዱቄቱ አልፎ አልፎ ከሚበላ የተለያየ ምግብ ጋር ጉዳት እንደማያመጣ በባለሙያዎች ከተገመገመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ክልከላውን አላልታለች።

በኢትዮጵያ ቢከለከል የሚጎዳው በዋልካ መሬት ላይ በጥሪት እርጥበት ሌላ ነገር ማብቀል የማይችለው አርሶ አደር ነው። አማራጭ ሰብል፣ የተሻሻለ ዘርና ፈጥኖ የሚደርስ የእህል እርዳታ ሳይኖር የወጣ ክልከላ ጓያውን ከገበያ ያወጣው ይሆናል እንጂ ከድኻው ማዕድ አያወጣውም።

ኦዳፕ እንደ መድኃኒት ይሸጣል የሚባለው ምን ዓይነት ነገር ነው?

ወሬው መሠረት አለው። ሳንቺ በተባለው የቻይና ጂንሰንግ ሥር ውስጥ ደም እንዲቆም ይረዳል የሚባልለት ዴንሲቺን የተሰኘ ንጥረ ነገር አለ፤ ኬሚስቶች ሲመረምሩት ከጓያው ኦዳፕ ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ጓያ ሆሞአርጂኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድም አለው፤ በደማቸው ውስጥ ይህ ያነሰባቸው ሰዎች ለልብና ለደም ሥር ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት ስለታየ ትኩረት ስቧል።

ከዚህ ተነሥቶ ጓያ ለልብ መድኃኒት ነው ማለት ግን ገና ያልተሄደበትን መንገድ መዝለል ነው። የታየው በደም ውስጥ ባለ መጠንና በሕመም መካከል ያለ ዝምድና ነው፤ ጓያ መብላት የልብ ሕመምን እንደሚከላከል በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

ኦዳፕን የሚሠራው ዘረመል ከታወቀ ለምን ከተክሉ ላይ አይጠፋም?

ኦዳፕ በተክሉ ውስጥ ሲሠራ የመጨረሻውን ደረጃ የሚያከናውነው ኤንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) እ.ኤ.አ. በ2022 ተለይቷል፤ በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የጆን ኢነስ ማእከል ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን የጓያን ዘረመል ካርታ አቅርቦ፣ ኤንዛይሞቹ እንዴት ተያይዘው ኦዳፕን እንደሚሠሩ አሳይቷል። የጓያ ዘረመል በጠቅላላው ከሰው ልጅ ዘረመል በእጥፍ ያህል የሚበልጥ በመሆኑ ሥራው ቀላል አልነበረም። አሁን ኤንዛይሙን የሚያዘውን ዘረመል ለይቶ ማረም፣ ወይም በተፈጥሮ የተበላሸ ቅጂ ያለበትን ተክል በሺህ ከሚቆጠሩ ዝርያዎች መካከል መፈለግ፣ በመርህ ደረጃ የሚቻል ሆኗል።

የሚያጠራጥረው ከዚያ በኋላ የሚገኘው ተክል ነው። ኦዳፕ ለጓያው ምን እንደሚሠራለት በትክክል አልታወቀም፤ በድርቅና በዚንክ እጥረት ጊዜ መብዛቱ ግን ተክሉ ችግርን የሚቋቋምበት ሥርዓት አካል ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ኦዳፕ የሌለው ጓያ እንደ አተር በቀላሉ የሚጠወልግ ከሆነ፣ ገበሬው ከአተር ይልቅ እርሱን የሚዘራበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ቀጣዩ ፈተና በዋልካ ማሳ ላይ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ከነባሩ ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ ማየት ነው።